ኦብሎሞቭ፤ ወይም ፍቅር ያሰነፈው ልጅ

ሰው ሰነፍ ሆኖ ይወለዳልን? ወይስ ደኅና ሆኖ ከተወለደ በኋላ ሰነፍ ያደርጉታል? አድርገውትስ እንደ ሆነ፣ አድጎ ራሱን ካወቀ በኋላ ስለ ስንፍናው የሚጠየቀው ማን ነው? እርሱ ነውን ወይስ ያሳደጉት? ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ሁሉ ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ከመስኮብ ደራሲዎች መካከል ይህን ነገር ኢቫን ጎንቻሮቭ «ኦብሎሞቭ» በተባለው መጽሐፉ የመረመረውን ያህል የመረመረው ያለ አይመስለኝም።

ጎንቻሮቭ በ1812 ዓ.ም. በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በሲምቢርስክ ከተማ ከእህል ነጋዴ ቤት ተወለደ፤ ዘመኑን ሁሉ እዚህ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው። ሰባት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ የክርስትና አባቱም፣ ከባሕር ኃይል አገልግሎት የወጣ መኰንን፣ እንደ አባት ሆኖ አሳደገው። ጎተራው የሞላ፣ አሽከሩ የበዛ ቤት ነበር። ስለዚህ ደራሲው የሚጽፈውን ነገር በሩቅ ሰምቶ ሳይሆን ቀምሶ ያውቀዋል። መጽሐፉ በ1859 ዓ.ም. ታተመ፤ ነገር ግን «የኦብሎሞቭ ሕልም» የሚባለው ምዕራፍ ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድሞ በ1849 ለብቻው ወጥቶ ነበር። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ጎንቻሮቭ ሰነፉን ሰው ለሕዝብ ከማሳየቱ በፊት ሕፃኑን አሳየ ማለት ነውና።

ታሪኩ ሲዠምር ኢልያ ኢልዪች ኦብሎሞቭ የሠላሳ ሁለት ወይም የሠላሳ ሦስት ዓመት ጐልማሳ ነው። በፒተርስበርግ ከተማ ጎሮኾቫያ በሚባለው መንገድ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። በሩቅ አገር በአባቱ ርስት ላይ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ገባሮች አሉት፤ እነዚህም ገባሮች በዚያ ዘመን በነበረው ሕግ ከመሬቱ ጋር የታሰሩ፣ ከጌታ ወደ ጌታ የሚተላለፉ ሰዎች ነበሩ። ጧት ነቅቷል፤ ግን አልተነሣም። የርስቱ ሹም መከሩ እንደ ከፋ፣ የሚላከውም ገንዘብ እንደሚያንስ ጽፎለታል። ያከራየውም ሰው ቤቱን ልቀቅ ብሎታል። ሁለቱም ነገር መልስ ይፈልጋል። እርሱም ሊነሣ፣ ሊታጠብ፣ ሊጽፍ ያስባል፤ እያሰበም ይውላል። እንግዶች እየገቡ ይወጣሉ፤ እርሱ ግን ከፋርስ ጨርቅ የተሰፋውን ሰፊ የቤት ካባውን እንደ ለበሰ ከአልጋው አይወርድም።

አንባቢ በዚህ ይሥቃል፤ እኔም መጀመሪያ ያነበብሁት ጊዜ ሥቄ ነበር። ሣቁ የሚቈመው አሽከሩ ዛኻር አንድ ቃል ሲያመልጠው ነው። ሌሎች ሰዎችም ቤት ይለውጣሉና እኛም ብንለውጥ ምን አለበት ይላል፤ ኦብሎሞቭ ግን በዚህ ነገር እጅግ ይቈጣል። እኔን ከሌሎች ጋር ታስተካክለኛለህን ብሎ ይወቅሰዋል፤ በሕይወቱም ዘመን የእግሩን ሹራብ አንድ ቀን እንኳ በገዛ እጁ አጥልቆ እንደማያውቅ እንደ ትልቅ ክብር አድርጎ ይናገራል። እነሆ፣ በሽተኛው በሽታውን እንደ ማዕርግ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ዛኻር ወጥቶ ብቻውን በቀረ ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። በውስጡ አንድ መልካም ነገር እንደ ተቀበረ፣ ለእርሱ የተሰጠውንም መዝገብ አንድ ሰው ሰርቆ በገዛ ነፍሱ ውስጥ እንደ ደፈነበት ይሰማዋል። ለምን እንዲህ ሆንሁ ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ሳያገኝም እንቅልፍ ይወስደዋል። መልሱ የሚመጣው በሕልሙ ነው።

በሕልሙ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ በአባቱ አገር በኦብሎሞቭካ ይነቃል። ሞግዚቱ ታለብሰዋለች፤ እናቱ በሥዕሉ ፊት አንበርክካ ጸሎት ታስደግመዋለች። ይህችን ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናትን እናቱን ባየ ጊዜ የተኛው ሰው በደስታ ይንቀጠቀጣል፤ ከተዘጉት ዓይኖቹም እንባ ይወርዳል። በዚህ ቤት ክፉ ሰው የለም። የሚመታ የለም፤ የሚሳደብም የለም። የዕለቱ ትልቅ ጉዳይ ለምሳ ምን ይሠራ የሚለው ነው። ለሕፃኑ ሳሙ፣ ጣፋጭ ነገር፣ ብስኩት ከሁሉም እጅ ይዘንባል። ለሞግዚቲቱ የሚሰጣት ትእዛዝ ግን አንድ ነው፤ ልጁን ብቻውን አትተይው፤ ወደ ፈረሶቹ፣ ወደ ውሾቹ እንዳይጠጋ፤ ሊወድቅ ወደ ተቃረበው ሰገነት እንዳይወጣ፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ ገደሉ እንዳይሄድ።

ከምሳ በኋላ ቤቱ በሙሉ እንቅልፍ ይወስደዋል። አባት ይተኛል፤ እናት ትተኛለች፤ አሽከሮች በየጥላው ይወድቃሉ፤ ሞግዚቲቱም ብትታገል ብትታገል በመጨረሻ ታንቀላፋለች። ያን ጊዜ ሕፃኑ በዓለም ላይ ብቻውን ይቀራል። ወዲያው ነፍስ ይዘራል። ወደ ተከለከለው ሰገነት ይወጣል፤ በሚንቋቋው ጣውላ ላይ ይሮጣል፤ ጥንዚዛ ይይዛል፤ ሸረሪት ዝንብን እንዴት እንደምትጠባ አጎንብሶ ይመለከታል። ከበር ወጥቶም ወደ ገደሉ ይሮጣል። ከአፋፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ዓይኖቹን ጨፍኖ ወደ ታች ሊያይ ይቃጣል። ነገር ግን ስለዚያ ገደል ሲወራ የሰማው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣበታል፤ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ ሮጦ በሞግዚቱ ላይ ይወድቃል።

እኔ እንደሚመስለኝ መጽሐፉ በሙሉ በዚህች ደቂቃ ውስጥ ተጽፏል። በዚያች ሰዓት የሚከለክለው ማንም አልነበረም። ጠባቂዎቹ ሁሉ ተኝተዋል፤ በሩም ክፍት ነው። የመለሰው በውስጡ የተተከለው አጥር ነው። የውጭ አጥር ቢሆን ልጅ ሲያድግ ዘሎት ያልፋል፤ በልብ ውስጥ የተሠራውን ግን ባለቤቱ ራሱ ሲጠብቀው ይኖራል።

ልጁ ዐሥራ ሦስት ወይም ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ከቤቱ አምስት ቨርስት ያህል ርቆ፣ ይህም ለእግረኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ በቬርኽሊዮቮ መንደር ሽቶልትዝ ከሚባል ጀርመናዊ የርስት አዛዥ ዘንድ ትምህርት ገባ። ሆኖም ሰኞ ሲነጋ እናቱ ፊቱን አይታ ዛሬ ዓይንህ ደስ አይለኝም ትልና ታስቀረዋለች። አንድ ጊዜ በዓል ይደርሳል፤ አንድ ጊዜ ብርዱ ይበረታል፤ አንድ ጊዜም ሙቀቱ። ሳምንቱ እንዲሁ ያልፋል። አንድ የክረምት ቀን ግን አምልጦ ከመንደር ልጆች ጋር በረዶ እየጠቀለለ ሊወራወር ይወጣል። ደስታው ትንፋሹን ሊያቋርጠው ይደርሳል። ቤቱ ይታወካል፤ ሰዎች እየጮኹ ሮጠው ይይዙታል፤ በፀጕር ካባና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸክመው ያገቡታል፤ ሦስት ቀንም አልጋ ላይ ያስተኙታል። ደራሲው በዚህ ስፍራ በአጭሩ የሚለው፣ ለዚያ ልጅ የሚበጀው መድኃኒት እንደ ገና ወጥቶ በበረዶ መጫወት ብቻ እንደ ነበረ ነው።

የዚህ አስተዳደግ ጥፋት ከምን ላይ ነው? ብዙ ሰው ምቾት ሰውን ያሰንፋል ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ግን ነገሩን አይነካውም። በምቾት አድገው ብርቱ የሆኑ፣ በችግርም አድገው ሰነፍ የሆኑ ብዙ ናቸው። በኦብሎሞቭካ የተደረገው ሌላ ነገር ነው። ልጁ አንድ ነገር ሲፈልግ ገና ዓይኑን ሲያዞር ሦስትና አራት አሽከር ይላካል። የወደቀ ነገር ሊያነሣ ሲያጎነብስ አባትና እናት፣ ሦስቱም አክስቶቹ በአንድ ድምፅ አሽከር ይጠራሉ። ሊሮጥ ሲል ቁም ይሉታል። ስለዚህ ምኞቱ ወደ ሥራ የሚሸጋገርበት ድልድይ በየቀኑ ይፈርሳል፤ ሌላ ሰው እየቀደመ ይፈጽምለታልና። ሰው ፈቃዱን የሚያውቀው ሲፈጽመው ነው። ያልተፈጸመ ፈቃድ በልብ ውስጥ ተመልሶ ሕልም ይሆናል። ጎንቻሮቭም ኃይሉ መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ተመለሰና ጠወለገ ይላል፤ ልጁንም በመስታወት ቤት ከሚያድግ የሩቅ አገር አበባ ጋር ያመሳስለዋል። በክረምት ማታ ደግሞ ሞግዚቲቱ ያለ ሥራ በአስማት ሀብታም ስለሚሆን ሞኝ ተረት ትነግረዋለች፤ ልጁም አድጎ ተረት መሆኑን ካወቀ በኋላ እንኳ ያን አገር በስውር መናፈቁን አልተወም።

እዚህ ላይ ከሌላ መስኮባዊ ልጅ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ፎንቪዚን በ1782 ዓ.ም. ለተመልካች በቀረበው ቴአትሩ ሚትሮፋን የሚባል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አሳይቷል። እርሱንም እናቱ እንደ እንቁላል ስትይዘው ኖራለች፤ ባለ ሰረገላው መንገዱን ካወቀ ለጌታ ልጅ የምድር ትምህርት ምን ያደርግለታል ባይ ናት። በመጨረሻው እናቲቱ ሥልጣንዋ ሁሉ ተገፎ ወደ ልጅዋ ብትጠጋ እርሱ ገፍቶ ያርቃታል። በእኛ ዘንድ ሌባው ልጅ ወደ መስቀያው ሲወሰድ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አላት የሚባለው የዚህ ወንድም ነው። ኦብሎሞቭ ግን እናቱን አይከስም፤ በሕልሙ አይቷት ያለቅሳል እንጂ። ሁለቱን ልጆች ያሳደገ እንክብካቤ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አንዱን ጨካኝ፣ ሌላውን እንደ ርግብ የዋህ አደረገው። የሚትሮፋን እናት ልጅዋን ታፈቅር እንጂ ገባሮችዋን ትደበድብ፣ ዘመዶችዋን ትዘርፍ ነበር፤ ልጁም ያየውን ተማረ። ኢልያ ደግሞ ያየው መዋደድን ነበርና መዋደድን ተማረ። እንግዲህ የኦብሎሞቭ ወላጆች ልጃቸውን ፈጽመው አበላሹት ለማለት አፋችን አይደፍርም። ወዳጁ ሽቶልትዝ እንኳ በዓለም ዞሮ የዚህን ሰው ልብ የመሰለ ንጹሕ ልብ እንዳላገኘ ይመሰክራል። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ መልካሙን ልብ የሰጠው እጅና ፈቃዱን የወሰደበት እጅ አንድ ነው።

የሽቶልትዝ ልጅ አንድሬይ ግን በተቃራኒው አደገ። አንድ ጊዜ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ ሰነበተ፤ እናቱ ስታለቅስ አባቱ ፒፓውን እያጤሰ ዝም አለ። በተመለሰም ጊዜ አባቱ የጠየቀው የላቲኑን መጽሐፍ ተርጕመሃልን ብሎ ነው። አልተረጐምሁም ባለው ጊዜ ከበር አውጥቶ በእርግጫ መታው፤ ሠርተህ ስትጨርስ ተመለስ አለው። ይህ ልጅ በኋላ ባለ ሥራ፣ ባለ ገንዘብ፣ አገር ያየ ሰው ሆነ። ደራሲው እርሱን ምሳሌ አድርጎ ሊያቀርብልን እንደ ፈለገ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ከሽቶልትዝ ጋር ምሳ ከመብላት ከኦብሎሞቭ ጋር መጨዋወትን የማይመርጥ አንባቢ ጥቂት ነው። ጎንቻሮቭም ይህን ሳያውቀው አልቀረም።

የሕፃንነቱ ነገር በጐልማሳነቱ እየተመለሰ ይመጣል። በኦብሎሞቭካ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ፤ ሁሉም ፈሩት፤ ቀናት ካለፉ በኋላ ቢከፍቱት የቢራ አጠማመቅ የሚለምን የወዳጅ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። መልስ እንጽፋለን ተባለ፤ የፖስታው ዋጋም አርባ ኮፔክ መሆኑ ሲሰማ ነገሩ ተዳፍኖ ቀረ። ልጁ ይህን ሲያይ ነበር። አድጎም ከርስቱ ሹም የመጣውን ደብዳቤ እንዲሁ ፈራው። በመንግሥት ሥራ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል አገለገለ፤ አለቃን እንደ አባት፣ መሥሪያ ቤቱንም እንደ ቤተ ዘመድ አድርጎ ነበር የጠበቀው። ወደ አስትራኻን የሚላከውን ወረቀት ወደ አርኻንግልስክ በላከው ጊዜ ግን የሚመጣበትን ተግሣጽ ሳይጠብቅ ቤቱ ተኛ፤ ልቡ እንደ ታመመና ወደ መሥሪያ ቤት መሄድ እንደሚጐዳው የሚናገር የሐኪም ወረቀት ላከ፤ በኋላም ሥራውን ተወ። ይህ ሁሉ «ዛሬ ዓይንህ ደስ አይለኝም» የሚለው የእናት ቃል አይደለምን? እናቲቱ ሞታለች፤ ቃልዋን ግን አሁን ሐኪሙ ይናገርላታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ኦልጋ ኢሊንስካያ የምትባለው ወጣት የወደደችው ጊዜ ነው። አንድ የበጋ ወራት ተነሣ፤ ካባውን ጣለ፤ አነበበ፤ በእግሩ ሄደ። በልግ ሲገባ ግን የርስቱ ጉዳይ፣ የሠርጉ ወጪ፣ የሰው አፍ እየከበደው ሄደ። በኔቫ ወንዝ ላይ በረዶ ሲወርድ ድልድዮቹ ተነሡ፤ ወደ እርስዋም መሻገር አልተቻለም። ያን ጊዜ አዘነን? በስውር ዕረፍት ተሰማው። ገደሉን ሳያይ የተመለሰው ልጅ ነው። ሲለያዩም ምን አጠፋህ ብላ ብትጠይቀው በአንድ ቃል መለሰላት፤ ኦብሎሞቭሽቺና፤ ማለትም የኦብሎሞቭ አገር አኗኗር።

መጽሐፉ እንደ ወጣ በዚያው ዓመት፣ በ1859፣ የቄስ ልጅ የነበረው ወጣቱ ሐያሲ ዶብሮልዩቦቭ ይህችን ቃል ይዞ ታላቅ ጽሑፍ ጻፈ። ኦኔጊን፣ ፔቾሪን፣ ሩዲን የተባሉት የቀደሙት ደራሲዎች ጀግኖች ሁሉ የኦብሎሞቭ ዘመዶች ናቸው፤ ያፈራቸውም በሌላ ሰው ላብ የሚኖር ሥርዓት ነው አለ። በዚህ እውነት አለው። ዛኻር ባይኖር ኢልያ የእግሩን ሹራብ ማጥለቅ በተማረ ነበር፤ ከኦብሎሞቭካ ገባሮች ብዙ ልጆች ማንም ሳይከለክላቸው በበረዶ ሲጫወቱ የነበሩት፣ ሠርተው የእርሱን ስንፍና የሚቀልቡ ስለ ነበሩ ነው። ገባሮቹ ነፃ የወጡበት ዐዋጅ የታወጀው ከመጽሐፉ ሁለት ዓመት በኋላ በ1861 ነው።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሥርዓቱ ላይ መጫን ሰውዬውን ነፃ ሊያወጣው አይችልም፤ በሌላ ወገን ፈቃዱ ቢሆን ኖሮ ይነሣ ነበር ማለትም ጭካኔ ነው። አንካሳውን ተነሥተህ ሩጥ ማለት ይመስላል። ኦብሎሞቭ በሽታውን ዐውቆ በስሙ ጠርቶታል። የሚያውቅ ሰው ይጠየቃል፤ ይህን ሃኬትን የሚመረምር ሁሉ ይለዋል። ሆኖም ዐውቆ ለመነሣት የሚያስፈልገው ብልት በሕፃንነቱ የወሰዱበት ያው ፈቃዱ ነው። እኔ በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ሳመነታ ኖሬ ወደ አንድ ወገን ያዘነበልሁት በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ ባለች አንዲት ነገር ነው። ታራንትየቭ የሚባል ሲበዘብዘው የኖረ ሰው አንድ ቀን ሽቶልትዝን በፊቱ ያማበታል። የእግሩን ሹራብ አጥልቆ የማያውቀው ኦብሎሞቭ ብድግ ብሎ በጥፊ ይመታዋል፤ ከቤቱም ያስወጣዋል። ስለ ገዛ ገንዘቡ፣ ስለ ገዛ ርስቱ፣ ስለ ገዛ ሠርጉም ያልተነሣችው እጅ ስለ ወዳጁ ክብር ማንም ሳያዝዛት ተነሣች። እንግዲህ ፈቃዱ አልሞተም ነበር። ከልጅነቱ የተማረውን መውደድን ተከትሎ ሲመጣ ይነሣል፤ ስለ ራሱ ሲሆን ግን መንገዱን አያውቀውም። ስለዚህ እኔ ስለ አስተዳደጉ አልጠይቀውም፤ ስለ ኦልጋ ግን እጠይቀዋለሁ። በዚያ ጊዜ መውደዱም ነበረ፤ የምትጠብቀውም ነበረችና።

የኦብሎሞቭ ፍጻሜ በቪቦርግ ሰፈር በአንዲት ባልዋ በሞተባት ሴት ቤት ሆነ። አጋፍያ ማትቬዬቭና ትባላለች፤ ሌት ተቀን በማዕድ ቤት ትሠራለች፤ ምን እንደሚሻ ሳይናገር ዐውቃ ታቀርብለታለች። ገንዘብ ባጠረው ጊዜ ሉልዋንና ብርዋን አስይዛ አበላችው፤ እርሱም አላወቀም። ኦብሎሞቭካን በዚያ አገኘው ማለት ነው፤ በዚያም አገባት፤ በዚያም ሞተ። ዛኻር ከጌታው በኋላ የሚያስገባው ቤት አጥቶ ሽቶልትዝ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲለምን አገኘው። ሌላውን ሰው ሲያለብስ የኖረ ሰው ራሱን ማኖር አልቻለም፤ ስለ እርሱ አስተዳደግ ደግሞ ጽሑፍ የጻፈ የለም።

አጋፍያ ለኦብሎሞቭ አንድ ወንድ ልጅ ወልዳለት ነበር፤ በሽቶልትዝ ስም አንድሬይ ብለው ጠሩት። አባቱ ከሞተ በኋላ ሽቶልትዝና ሚስቱ ኦልጋ ልጁን ወስደው ሊያሳድጉ ለመኑ፤ እናቲቱም እንደ ጌታ ልጅ እንዲያድግ ብላ በእንባ ሰጠቻቸው። አንዳንድ ጊዜ እየሄደች ታየዋለች። ይህ ልጅ የአባቱን ልብ ከሽቶልትዝ ቤት ጽናት ጋር አጣምሮ ይዞ እንደ ሆነ፣ ወይም አንዱን ሲያገኝ ሌላውን አጥቶ እንደ ሆነ፣ ጎንቻሮቭ አልነገረንም። መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሮ በ1891 ዓ.ም. ሞተ፤ የአንድሬይን ታሪክ ግን አልጻፈም።